«ደህና ነኝ» ሲሉት ስለሚያምነው መሣሪያ

ለክቡር አቶ ኪዳነወልድ
የሰፈራችን አረጋውያን መዝናኛ ክበብ ሊቀመንበር
አዳማ

ጉዳዩ፦ የቅዳሜ ፊልማችንን እንዲመርጥ ስለተሾመው መሣሪያና ከአጠገቤ ስለተነሣው ሰው

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤

ጓደኛዬን ከአጠገቤ አስነሥተውብኛል። በደሉ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ይህን ከተናገርሁ በኋላ ወደ ሰላምታው እመለሳለሁ፤ ያለ ሰላምታ ደብዳቤ የሚጽፍ ባለጌ ነውና። እርስዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎ፣ በቅርቡ ያስተከሉት ጥርስ፣ ሲራመዱ ቀጭ ቀጭ የሚለው የግራ ጉልበትዎና የስኳርዎ ልክ ሁላችሁም እንደምን ሰነበታችሁ? መልሱን አልጠብቅም። «ደህና» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ደብዳቤዬም በአብዛኛው ስለዚችው ቃል ነው።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቆሞ ይህን ለሚያነብና ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ክበባችን በዕድሜ የገፋን የሰፈሩ ሰዎች የምንሰበሰብበት አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይፈላል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ፊልም ይታያል። ፊልሙን ለብዙ ዓመታት የመረጥሁት እኔ ሰብስቤ ነኝ። የሾመኝ የለም፤ ፍላሹ የእኔ ስለነበረ ነው። ዓርብ ዓርብ ፍላሼን ይዤ ፊልም ወደምትጭነው ወደ ወይዘሪት ፋዲላ ሱቅ እሄዳለሁ። እሷም «አባባ፣ የዛሬው ለማን ነው?» ትለኛለች። እኔም ባለፈው ቅዳሜ ማን አኩርፎ እንደሄደ፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ የማን ወንድም እንደታመመ እነግራታለሁ፤ ትጭንልኛለች።

ምርጫዬ ሁሉ ተወዶ ነበር ብዬ አልዋሽም። ስለ ንብ አረባብ የሚያስረዳ ፊልም በሦስት ክፍል አሳይቻለሁ። በሁለተኛው ክፍል አዳራሹ በሙሉ ተኝቶ ነበር። አልተጸጸትሁም። ሦስተኛውንም አሳየሁ።

ስለ ጓደኛዬ ስለ ወዬሳ ደግሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ፊት ግን አይለይም። ጆሮው ግን እንኳን ለሱ ለእኛም ይተርፋል፤ ሰው ገና በሩ ላይ ሳለ በኮቴው ስሙን ይጠራል። ስለዚህ ንግግር የበዛበትን ፊልም እመርጥ ነበር፤ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ። ተዋንያኑ ዝም ሲሉ ደግሞ እኔ ጆሮው ሥር ሆኜ እነግረዋለሁ፤ ገባ፣ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ልጅቷ ቀለበቱን ወረወረችው። እሱም «ደግ አደረገች» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ሹክሹክታችን ያስቆጣቸው ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ዓይናቸው ጤነኛ የሆነ አባላት ሳይቀሩ ከኋላ ሆነው «ሰብስቤ፣ አሁን ምን ሆነ?» ይሉኝ ጀመር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ በቅደም ተከተል እገባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መጀመሪያው መሣሪያ።

ለዚህ መሣሪያ ያለኝ ምስጋና የላቀ ነው። የወንድምዎ ልጅ ወይዘሪት ሶፊ፣ ኮምፒውተር የተማረች ጨዋ ልጅ፣ በእርስዎ ትእዛዝ ለአዳራሹ ቴሌቪዥን ገጠመችው። ያያችሁትን ያስታውሳል፣ ያንን የሚመስለውን ያመጣል፣ እናንተ መድከም አይኖርባችሁም ብላ በትዕግሥት አስረዳችን። እኔም በዚያው ቅዳሜ፣ የመጨረሻ ምርጫዬ መሆኑን ሳላውቅ፣ ወዬሳን ደስ ይበለው ብዬ ባቡር ያለበት አንድ ፊልም ይዤ ገብቼ ነበር። ወዬሳ ጉልበቱን በምድር ባቡር የጨረሰ ሰው ነው፤ ፉጨቱን ሰምቶ «ይቺ ዳገት ላይ ናት» ሲል ሁላችንም አጨበጨብንለት።

መሣሪያው ይህን አስታወሰ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ያቀረበልን እነሆ፦ የተዘረፈ ባቡር፣ በረዶ የያዘው ባቡር፣ መናፍስት የሚሳፈሩበት ባቡር፣ ነጂው ሞቶበት ብቻውን የሚሮጥ ባቡር፣ ቀጥሎም ሰው የሚባል የማይታይበት፣ ስለ ዋሻ አቆፋፈር የሚያስረዳ ረጅም ፊልም፣ በመጨረሻም ለሕፃናት የተሠራ፣ ዓይንና ቅንድብ ያለው፣ እየዘፈነ የሚሄድ ባቡር። አባላቱ በር ላይ «ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው የምንሄደው?» እየተባባሉ ይገቡ ነበር፤ አንዱ ለቀልድ ሻንጣ ይዞ መጣ። ወዬሳም በዋሻው ቀን እጄን ያዝ አድርጎ፣ በአፋን ኦሮሞ አጠራሩ «ያ ሰብስቤ፣ እኔ እኮ ጡረታ የወጣሁት ከዚህ ነገር ነበር» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ መሣሪያው ባቡር እንደወደድን አወቀ፤ የወደድነው ወዬሳን እንደነበረ ግን አላወቀም። አንድ ጊዜ ቤትዎ መጥቼ የቀረበልኝን ጎመን አመስግኜ በልቻለሁ። የተከበሩት ባለቤትዎ እንደዚህ መሣሪያ ቢሆኑ ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ በመጣሁ ቁጥር ጎመን፣ ጎመን ያጡ ዕለት ደግሞ ጎመን የሚመስል ቅጠል ያቀርቡልኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰው ናቸውና በሁለተኛው ቀን ፊቴን አይተው ሥጋ አወጡ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሁለተኛው መሣሪያ።

ስሞታችንን ሰምተው በፍጥነት እርምጃ ስለወሰዱ ምስጋናዬ እጥፍ ድርብ ነው። ባቡሩን አስቁመው ሌላ መሣሪያ አስገጠሙልን። ይኸኛው ያያችሁትን አይጠይቅም፤ የሚሰማችሁን ይጠይቃል አሉን። በሩ አጠገብ አንዲት ታብሌት ቆመች። የገባ ሁሉ ስሙን ይነካና ከተደረደሩት ክብ ቢጫ ፊቶች አንዱን ይመርጣል፤ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ የተቆጣ፣ ያንቀላፋ። የእያንዳንዳችን ስምና የመረጥነው ፊት በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ለሁሉም ይታያል። ጣሪያው ላይ ደግሞ የአዳራሹን ድምፅ እየሰማች ተደስተን ይሁን ተሰላችተን የምትመዘግብ ማይክራፎን ተሰቀለች። እርስዎም ቆመው፣ «ከእንግዲህ መሣሪያው ልባችሁን ያነባል» ብለው ንግግር አደረጉ። አጨበጨብን። ማይክራፎኗ ደስታ ብላ መዘገበችው፤ ጭብጨባው ግን ንግግሩ ስላለቀ ነበር።

እኔ ዕድሜዬን በጎሚስታነት የኖርሁ፣ ፊደልንም ከጭነት መኪኖች በር ላይ ለቅሜ የተማርሁ ሰው ነኝ። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣልኝ እንዴት ነህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ አያለሁ። ሰውም ቢሆን፣ ቢያንስ በዚህ በእኛ አገር፣ ተጠይቆ የሚናገር ፍጥረት አይደለም። እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ የተኛውን ሰው እንዴት ነህ ቢሉት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ እግሬን ብቻ ትንሽ» ይላል። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»፣ ወዬሳ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይላል። ጠያቂ ይህን ሰምቶ አይሄድም። ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ንፋሱና ስለ አቧራው ያወራል፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ነው እውነቱ የሚነገረው። መሣሪያዎ ግን የመጀመሪያዋን ደህና ሰምቶ፣ አምኖ፣ ወደ ሥራው ገባ።

ሦስተኛ፤ ስለ ወይዘሮ ዘርፉ ሐዘን።

ይህንን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ደስታዬን የሚመዘግብ መሣሪያ እዚህ ስለሌለ እጽፈዋለሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወይዘሮ ዘርፉ መነጽራቸውን ቤት ረስተው መጡ። ታብሌቷን ነኩ፣ ገብተው ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን በስማቸው ትይዩ እንባው በሁለት ጉንጩ የሚወርድ ፊት ወጣ። ወግ እንደሚያዘው ሐዘን የደረሰበትን ሰው ማን ሞተብህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ አንገቱን ይደፋል። እኛም ደፋን። ይባስ ብሎ መሣሪያው ያዘነችውን አንዲት ሴት ላጽናና ብሎ፣ ሰዎች ኬክ ላይ የሚወድቁበት አስቂኝ ፊልም ከፈተ። ለሐዘንተኛዋ ክብር ስንል ማንም አልሳቀም። የሳቁት ወይዘሮ ዘርፉ ብቻ ነበሩ፤ ከልባቸው፣ ጉልበታቸውን እየመቱ። ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል፤ ለብቻዋ እንዳትተዉአት» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፊልሙ እንዳለቀ ወይዘሮ ዘርፉ ሽንኩርት ሊገዙ ወደ ገበያ ሄዱ። እኛ ደግሞ ነጠላችንን ዘቅዝቀን በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድን። የዕድሩ ድንኳን በጋሪ ደረሰ። እሳቸው ሽንኩርታቸውን ይዘው ከባጃጅ ሲወርዱ በራቸው ላይ ድንኳን ሲተከል፣ እርስዎን ደግሞ ከፊት ቆመው ሲያለቅሱ አዩ። የገዛ ቤተሰባቸው ያለቀ መሰላቸውና ሽንኩርቱን በትነው እሪ አሉ። እሳቸው እሪ ሲሉ የተጠራጠርነውም ሁላችን እርግጠኛ ሆንን፤ ልቅሶው ደመቀ። ለዚያ ቀን ልቅሶዎ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ የተለየ አድናቆት አለኝ። ላልሞተ ሰው እንደዚያ የሚያለቅስ ለሞተ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ተገርሜአለሁ።

ልቅሶው መሐል ላይ ነበር ወዬሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ስለማላይ ነው፤ ለመሆኑ የምናለቅሰው ማንን ነው?» ያለው።

አንዱ ሌላውን አየ፤ ሌላው እርስዎን አየ፤ እርስዎ ወይዘሮ ዘርፉን አዩ። እሳቸውም እንባቸውን ጠርገው፣ «ምነው፣ እናንተ ናችሁ እንጂ የምታውቁት! እኔማ ከገበያ መምጣቴ ነው» አሉ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ መሸ። ድንኳኑ ስለተተከለ፣ ሽንኩርቱም ስለተለቀመ፣ እዚያው እራት በላን። መሣሪያዎ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ በወይዘሮ ዘርፉ ስልክ «ሐዘንዎ ያልፋል» እያለ መልእክት ሲልክ ቆየ። የሰፈሩ ሰው በሰዓታት ውስጥ የተመለሰበትን ስሕተት እሱ በትጋት ቀጠለበት።

አራተኛ፤ ስለ ደስታችን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያለቅሰውን ፊት የነካ ሰው የለም። የዕድሩ ድንኳን እንዳይተከልበት የፈራ ሁሉ የሚስቀውን ይነካል። ጥርሱን ያመመው፣ ከሚስቱ የተጣላው፣ ጨጓራው የተነሣበት፣ ሁሉም ይስቃል። በመሣሪያዎ መዝገብ መሠረት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሁሉ የእኛን ያህል ደስተኛ ሽማግሌዎች የሉም። እንኳን ደስ ያለዎ።

አምስተኛ፤ ስለ ባሕሩ።

ቀልዴ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ብዙም አይቆይም።

አንድ ቅዳሜ በር ላይ ስንገናኝ ወዬሳ «አካም ጅርታ» አለኝ፤ «ነጋ» አልሁት። እኔም ጠየቅሁት፤ «ነጋ» አለኝ። ነገር ግን የቀረበለትን ሻይ ቀዝቅዟል ብሎ አልተጣላም። ወዬሳ ሻይ ላይ ካልተጣላ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ስለ ንፋሱ ትንሽ አወራን። ከዚያ ሐኪሙ በግራ ዓይኑ ተስፋ እንዳይጥል እንደነገረው፣ የቀኙም ቢሆን ቀዶ ጥገናው ምን እንደሚያደርግለት እንደማይታወቅ ነገረኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው፤ «ጻፈው፣ እኔ እንደሆነ አላነበው» ብሎኛል። ታብሌቷ ጋ ስንደርስ የትኛውን ልንካልህ አልሁት። «ሰዉ የሚነካውን» አለኝ። የሚስቀውን ፊት በወዬሳ ስም የነካሁት እኔ ነኝ።

መሣሪያው አዳራሹ በሙሉ መደሰቱን አይቶ፣ ለእንዲህ ያለ የረጋ ደስታ የሚስማማውን መረጠ። ባሕር ነበር። ሰው የለበትም፣ ቃል የለበትም፤ ቀስ ያለ ሙዚቃና ባሕር። የክበባችን ብቸኛ የማያይ ሰው ያንን ዜና በሰማበት ሰሞን ንግግር የሌለው ፊልም ተፈረደበት።

እኔም እንደ ልማዴ ጆሮው ሥር ሆኜ ነገርሁት። ባሕር ነው አልሁት፤ እሺ አለኝ። አሁንም ባሕር ነው አልሁት፤ ዓሣ የለበትም ወይ አለኝ። አንድ ትልቅ መጣ አልሁት፤ ምን ያደርጋል አለኝ። ይሄዳል አልሁት፤ ወዴት አለኝ። እኔ ምን አውቄ ብዬ ስመልስለት ከኋላችን ያሉት መሳቅ ጀመሩ፤ ወዬሳም ሳቀ፤ በዚያ ሳምንት ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ያለችው ማይክራፎን ግን ባሕር ላይ መሳቅ እንደማይገባ ተምራ ኖሮ ፊልሙ ቆመ፤ ቴሌቪዥኑም አዳራሹ ተረብሿል የሚል ጽሑፍ አወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻዩ ሳይቀዳ ከፊት ቆመው ማስታወቂያዎን አነበቡ። ቃሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። «በሁለተኛው ረድፍ የሚካሄደው ሹክሹክታ የመሣሪያውን ልኬት እያዛባ ስለሆነ፣ በፊልም ሰዓት የሚናገር አባል ከአዳራሹ እንዲወጣ ይደረጋል።» ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚንሾካሾከው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚንሾካሾክም ሁሉም ያውቃል። ወዬሳ ከዘራውን በእግሩ ፈልጎ አገኘና ተነሣ። ልከተለው ስነሣ ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጠኝ፤ «ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ወንበሮቹን በእጁ እየዳበሰ ወጣ። ማይክራፎኗ የከዘራውን ድምፅ ምን ብላ እንደመዘገበችው አልጠየቅሁም።

ሻዩን አልጠጣሁትም። መንገድ ላይ ደረስሁበት። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አለኝ አለኝ። ምን ሥራ ነው ስለው፣ «መቀመጥ» አለኝ።

ስድስተኛ የሚለውን ቁጥር ጽፌ የሰረዝሁት ቁጣ ስለነበረበት ነው። እርስዎ ቁጣ የሚለውን ፊት ቢነኩልኝ በቂ ነው።

እንግዲህ ቀጥሎ የሆነውን ላሳውቅዎ። በሚቀጥለው ዓርብ ፍላሼን ይዤ ወደ ወይዘሪት ፋዲላ ሄድሁ። «አባባ፣ ጠፍተው ሰነበቱ፤ ለማን ነው?» አለችኝ። ለወዬሳ ብቻ አልኋት። ልብ ይበሉልኝ፤ አንደኛው መሣሪያ ምን አያችሁ ይላል፣ ሁለተኛው ምን ተሰማችሁ ይላል፤ ይህች ልጅ ግን ለማን ነው ትላለች። በነገራችን ላይ ወዬሳ ካዘነ የሚፈልገው የሚያስቅ አይደለም፤ አሳዛኝም አይደለም። ሁለት ሰዎች ስለ አጥር ወሰን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጨቃጨቁበት ፊልም ነው። ይህን የማውቀው አብሬው ስለተጨቃጨቅሁ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም አለሽ ወይ አልኋት፤ አላት።

ትንሹን ቴሌቪዥኔን በባጃጅ ጭኜ ወዬሳ በረንዳ ላይ አስቀመጥሁት። ሥራ አለኝ አለ። ሥራህን እዚሁ ሥራ አልሁት። ተቀመጠ። ፊልሙ ሳያልቅ ከሁለቱ ተጨቃጫቂዎች ማን ትክክል እንደሆነ እኛም ተጣላን፤ ሻዩም ቀዝቅዟል ብሎ ጮኸ። በልቤ እፎይ አልሁ።

በሌላው ቅዳሜ ወይዘሮ ዘርፉ ወዬሳን ልጠይቅ ብለው መጥተው ሳይሄዱ ቀሩ። ከዚያ ሻንጣ ይዞ የመጣው ሰውዬ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። ባለፈው ቅዳሜ፣ እርስዎ ሞጆ ሠርግ ተጠርተው በሄዱበት ቀን፣ በረንዳው ሞልቶ ግቢው ውስጥ፣ በባሕር ዛፉ ሥር ሁሉ ሰው ተቀምጦ ነበር። የክበቡ ጥበቃ አቶ ጉተማ እንደታዘዘው አዳራሹን ከፈተ። ታብሌቷ ፊት ካልተነካላት ፊልም አላስጀምርም ስላለችው፣ የቀረነውን ሁሉ ስማችንን እየፈለገ የሚስቀውን ነካልን። መሣሪያውን አስነሥቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ እሱም ወደ እኛ መጣ።

ሰኞ ማለዳ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፉትን አነበብሁ። «ባለፈው ቅዳሜ መሣሪያው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፍተኛውን ውጤት አስመዝግቧል፤ ሹክሹክታ የለም፣ ሳል የለም፣ ወንበር የሚያንቀሳቅስ የለም፤ አባላት በፍጹም ተመስጦ ተከታትለዋል።» ክቡር ሆይ፣ ወንበሮቹ በእውነት ተመስጠው ነበር። በጉተማ ላይ ግን እንዳይቆጡ፤ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሟል።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። መሣሪያዎን አይንቀሉት፤ ወንበሮቹ ለምደውታል። ወደ ምርጫ ሥራዬም አልመለስም፤ ብትለምኑኝም የማሳየው የንቡን አራተኛ ክፍል ነው። የምጠይቀው ስለ ሁለተኛው ረድፍ ያነበቡት ማስታወቂያ እንዲሻር ብቻ ነው። መሻሩንም በወረቀት እንዳይለጥፉት። ወዬሳ ማስታወቂያዎን ያየው በጆሮው ነው፤ መሻሩንም በጆሮው መስማት አለበት፤ በዚያው ድምፅ፣ በእርስዎው አንደበት፣ ሰው ባለበት።

ያየነውን ለማስታወስ፣ የሚሰማንንም ለማወቅ ስላደረጉት ድካም ሁሉ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ፣ መሣሪያዎ ረጅም ዕድሜ፣ እርስዎም ከመሣሪያዎ የበለጠ እንዲኖሩ በመመኘት፣ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ደብዳቤዬን እፈጽማለሁ።

ሰብስቤ፣ የቀድሞ ጎሚስታ፣ የሁለተኛው ረድፍ አባል

ግልባጭ፦
ለአቶ ወዬሳ፣ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤
ለወይዘሮ ዘርፉ፣ ከመነጽራቸው ጋር፤
ለወይዘሪት ሶፊ፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ እንድታውቀው፤
ለመሣሪያው፣ የፈለገውን ፊት እንዲነካበት።

የተረሳ ነገር፦ ረቡዕ አመሻሹ ላይ እኔና ወዬሳ ከቅዳሜ የተረፈውን ፊልም ስንጨርስ፣ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ያዳምጥ እንደነበረ ወዬሳ ነገረኝ። እኔ አላየሁትም። ወዬሳም አላየውም፤ ነገር ግን ሲመጣም ሲሄድም የግራ ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ የሚል ሰው ነው ብሏል። ስሙንም ነግሮኛል፤ እኔ አልጽፈውም። ያ ሰው ቆሞ ጉልበቱን ከሚጎዳ በሩ ክፍት ነው፤ ከወዬሳ በስተቀኝ አንድ ወንበር አስቀምጠንለታል። ሲገባ የሚናገረውን ለወዬሳ ይናገር፤ ከዚያ እንዴት ነህ እንለዋለን፤ ደህና ነኝ ይለናል፤ እኛም ሳናምነው ሻይ እንቀዳለታለን። እኔ ግን ስለዚህ ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ እስክሞት ድረስ አንዲት ቃል አልናገርም፤ ቢጠይቀኝም ደህና ነኝ እለዋለሁ።